ከሥሩ ይነቀል!

[የጥርስ ሐኪም ቤት ማረፊያ ክፍል። መስኮቱ ሥር ሁለት ለስላሳ ወንበሮች፣ መውጫው በር ላይ አንድ ደረቅ ወንበር። ግድግዳው ላይ ከነሥሩ የተሣለ ትልቅ ጥርስ ተሰቅሏል። ሊቁ ጡረታ የወጣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው፤ አላውቅም ብሎ ስለማያውቅ ሰፈሩ ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል። ጋጋሪው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ነገር እስኪገባው ሊጥ ኩፍ ይላል ይሉታል። ዛሬ «ብቻዬን ፈራሁ፣ ይሸኙኝ» ብሎ ሊቁን ይዞት መጥቷል። ሊቁም ደስ ብሎት ነው የመጣው፤ እሱ ሐኪምን ከሚያርምበት ቀን የበለጠ ቀን የለውም።]

ሊቁ: አንተ ሰው፣ ከዚያ ተነሥ! ለስላሳ ወንበር እያለልህ በር ላይ ምን ይጎልትሃል?

ጋጋሪው: ይሄ ይስማማኛል፣ ጋሼ።

ሊቁ: ምኑ ነው የሚስማማህ? አንድ እግሩ አጭር ነው!

ጋጋሪው: እኔም ጋደል ብዬ ነው የምቀመጠው።

ሊቁ: ብርድ በጀርባ ይገባል፤ በጀርባ የገባ ብርድ በድድ ይወጣል። ይህንን ሳታውቅ ነው ጥርስ ሐኪም ቤት የመጣኸው?

ጋጋሪው: አላውቅም ነበር። ግን ከወጣ... ወጣ አይደል? ምን አስቸገረ?

ሊቁ: [በረጅሙ ተንፍሶ] ተወው። ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ሐኪሙ ምን አለ ነበር ያልከኝ?

ጋጋሪው: ጥርሱ ቢበላሽም ሥሩ ደህና ከሆነ አይነቀልም አለ። አናቱ ተቆርጦ ከድድ ጋር ይስተካከላል፤ ውስጡም ታክሞ ይደፈናል። ሰው ሠራሹ ጥርስ እሱን ተደግፎ እላዩ ላይ ይቀመጣል።

ሊቁ: [ግድግዳው ላይ ያለውን ጥርስ በከዘራው እየመታ] ሌባውን ውስጥ ትቶ በር መዝጋት ይሏል ይሄ ነው! ከሥሩ ይነቀል በለው። እኔን እይ! የታችኛውን አንድም ሳላስቀር፣ ያለ ማደንዘዣ፣ ቁጭ ብዬ ነው ያስነቀልኩት። ሐኪሙ ራሱ በላብ ተጠመቀ።

ጋጋሪው: ሮጦ ነው?

ሊቁ: ምን ያሮጠዋል? በድፍረቴ ተገርሞ ነው እንጂ!

ጋጋሪው: እሺ። ታዲያ ያለ ሥር ጥርሱ ምን ይዞ ይቆማል?

ሊቁ: ድድ ላይ ይተኛል፤ ምራቅ ይይዘዋል። ሳይንስ ነው።

ጋጋሪው: ጎረቤታችን ቤት እርስዎ ጸሎት ያደረጉ ቀን ግን...

ሊቁ: ያን ቀን ነፋስ ነበር!

ጋጋሪው: ቤት ውስጥ?

ሊቁ: መስኮት ተከፍቶ ነበር!

ጋጋሪው: «ቤቱን ይባርክ» ሲሉ የታችኛው ጥርስዎ ዘሎ የጎረቤታችን ብርጭቆ ውስጥ ገባ። እሷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» ብላ ልትጎነጭ...

ሊቁ: [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ያን አታንሣብኝ። በሚቀጥለው ወር ያለችኝን አንዲት ልጅ ነው የምድረው። ሰው ፊት ቆሜ የምመርቃት እኔ አባቷ ነኝ። አንድ ምርቃት አዘጋጅቻለሁ፤ አፍ ሳይከፈት የሚባል።

ጋጋሪው: እስቲ ያሰሙኝ።

ሊቁ: [ከንፈሩን ገጥሞ] እምም... ምምም... እምምም።

ጋጋሪው: አሜን። ምን አሉ ግን?

[ሊቁ ከዘራውን ጭኑ ላይ አጋደመ።]

ጋጋሪው: ልጅቷ ዳቦ ቤት መጥታ ነበር። «አጎቴ፣ አባዬ ሰው ፊት ከሚያፍር አንተ መርቀኝ» አለችኝ።

ሊቁ: [ደንግጦ] አንተስ ምን አልካት?

ጋጋሪው: ላስብበት አልኳት። ይኸው እያሰብኩ ነው። [ከወረቀት ውስጥ ዳቦ ያወጣል] ይቅመሱ፣ ጠዋት የወጣ ነው።

ሊቁ: ውስጡን ስጠኝ። ቅርፊት ለጨጓራ አይሆንም።

ጋጋሪው: እንግዲያው ቅርፊቱን እኔ ልብላ። [ይገምጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ቀው ቀው ይላል።]

ሊቁ: ብላ፣ ብላ! በገዛ ጥርስህ የመጨረሻህ ነው።

ጋጋሪው: በገዛ ጥርሴ?

[ጋጋሪው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ የታችኛውን ጥርስ እንዳለ ያወጣል። ድዱ ላይ ሁለት ትንንሽ ጉብታዎች ብቻ ቀሩ። ሊቁ ከወንበሩ ዘሎ ይነሣል።]

ሊቁ: በስመ አብ! መቼ ተሠራ?

ጋጋሪው: [ጥርሱን መልሶ] ቆየ። ልነግርዎ ስል እርስዎ እየተናገሩ ነበር።

ሊቁ: ታዲያ ካለቀ ዛሬ ምን ልናደርግ መጣን?

[የውስጠኛው በር ይከፈታል። ነርሷ ብቅ ብላ የሊቁን ስም ከነአባቱ ጠርታ ትመለሳለች።]

ሊቁ: እኔን? ስሕተት ነው!

ጋጋሪው: ተራ የያዝኩልዎ እኔ ነኝ።

ሊቁ: ምን ያደርግልኛል? በሥር ነው የሚደገፈው አላልክም? እኔ ሥር ከየት አመጣለሁ? አንድም ሳላስቀር...

ጋጋሪው: ሁለት ቀርተዋል፣ ጋሼ። ባለፈው ድድዎን አሞዎት የተነሡትን ራጅ እህቴ አምጥታ ለዚህ ሐኪም አሳየችው። ሁለቱ ክራንቻዎች አናታቸው ተሰብሯል እንጂ ሥራቸው እንዳለ ነው። ጤነኛ ይመስላሉ፣ ይምጣና ልያቸው አለ።

ሊቁ: [ቀስ ብሎ እየተቀመጠ] ክራንቻዎቹ...

ጋጋሪው: ያኔ ያስነቀሉ ቀን ሐኪሙ እነሱን መንቀል ሲጀምር እርስዎ መንገድ ላይ ነበሩ። ጨርቁ አንገትዎ ላይ እንደታሰረ። ሐኪሙም ጉጠቱን ይዞ ከኋላ «ኧረ አባት፣ ይመለሱ!» እያለ። ለካ ለዚህ ነው ያላበው።

ሊቁ: ማን ነገረህ?

ጋጋሪው: ዳቦ ቤቱ እኮ መንገዱ ላይ ነው። በፊቴ ሲያልፉ «እንደምን ዋሉ» ብዬዎት ነበር።

ሊቁ: ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?

ጋጋሪው: ታሪኩን ሲያወሩት ደስ ይልዎታል፤ እኔም መስማት እወዳለሁ።

[ሊቁ አገጩን ዳበሰ። ለረጅም ጊዜ ያፈረበት ፍርሃት ሁለት ምሰሶ አቁሞለት ኖሯል።]

ሊቁ: ተመስገን አምላኬ! ለካ ለፈሪም እግር የምትሰጠው ለምክንያት ነው። እና... ልጄን አፌን ከፍቼ ልመርቃት?

ጋጋሪው: ዛሬ ከተጀመረ ለሰርጉ ይደርሳል ብሏል። እኔም ማሰቤን አቆማለሁ።

ሊቁ: [ተነሥቶ፣ ወደ ውስጥ እየጮኸ] ዶክተር! እነዚያን ሥሮች የሚነካብኝ ሰው ካለ ከእኔ ጋር ነው! ሥር የሚነቅል መሀይም ነው! ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንን ነው!

[ከውስጥ የመሰርሰሪያ ድምፅ ዚዝ ይላል። ሊቁ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ቀስ ብሎ ወደ መውጫው ይዞራል። በሩን ወንበሩ ዘግቶታል፤ ወንበሩን ጋጋሪው ሞልቶታል።]

ሊቁ: አንተ... ከዚያ ተነሥ ስልህ እምቢ ያልከው...

ጋጋሪው: እህቴ ናት «በር ላይ ተቀመጥ» ያለችኝ። ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ሊቁ: አሁንስ ገባህ?

ጋጋሪው: አሁን እግርዎን ሳየው ገባኝ።