ጠብቆ ወይስ ላልቶ

«አይጨነቁ አባባ፣ አሁን ያነባል» አለችው ልጅቷ።

«ማን? እኔ?» አለ ጋሽ ውብሸት። «ስሚኝ ልጄ፣ እኔ እናቴን ስቀብር እንኳ ሰው ፊት ያላነባሁ ወንድ ነኝ። ዛሬ ጣቴን አስቀመጥኩ ብዬ አነባለሁ?»

ይህን ሁሉ የሚናገረው ትናንት ሌሊት በሕልሙ ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ውብሸት ሕልም እንኳ ሲያይ ከሰው ጋር ተጣልቶ ነው የሚያየው። በሕልሙ የቆመውም ሌላ ቦታ አልነበረም፤ ቀን በእውኑ ተመልሶ ከወጣበት ቢሮ፣ አሻራ የምትወስደው ልጅ መስኮት ፊት ነበር።

የቀኑ ነገር እንዲህ ነው። ጋሽ ውብሸት ለሳኝ ነው። አዳማ ውስጥ ግድግዳውን ደገፍ ያላችሁት ቤት ሁሉ የእሱ እጅ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። እሱ ግድግዳውን ሲለስን ሲሚንቶው ደግሞ በተራው እሱን ለስኖታል፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ ጀበና ሆድ ልሙጥ ሆኗል። ለዲጂታል መታወቂያ ሊመዘገብ ቢሮ ሄዶ ጣቶቹን በየተራ ቢያስቀምጥ፣ ቢጠርግ፣ እፍ ቢልባቸው፣ ማሽኑ አንዱንም አላነበበም። «ነገ ይሞክሩ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው» ብለው መለሱት። ከዚያ በኋላ ያልተመዘገበ ሰው ስልኩ ይዘጋል ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ያወራል።

ሌላ ሰው ስልኩ ቢዘጋ ሌላ ያወጣል። የጋሽ ውብሸትን ቁጥር ግን በቃሏ የምታውቅ አንዲት ሰው አለች፣ ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራው ልጁ ረድኤት። የራሷ ስልክ የላትም። እመቤቷ ፀጉር ቤት ስትሄድ የቤቱን ስልክ ታነሳና ትደውላለች። መቼ እንደምትደውል አይታወቅም፣ መልሶ መደወልም አይቻልም። ያ ቁጥር ጠፋ ማለት ረድኤት ጠፋች ማለት ነው።

ደግሞ ሌላም ነገር አንገብግቦታል። እሱ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠረው፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ መፈረሙ አሳፍሮት ነው። ጠበቅና ላላውን ሳይቀር ለይቶ ነበር የተማረው። ትናንት ከቢሮው ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆሞ «ድሮ ያልተማረ ነበር በጣቱ የሚፈርመው፤ እኔ ተምሬ ተምሬ ወደ ጣቴ ተመለስኩ!» አለኝ። ተምሬ ያለው ትንሽ ተጋንኗል። ረድኤት ስትሄድ የትምህርት ቤት መጻሕፍቷን «አባዬ፣ እስክመጣ አንብባቸው» ብላ ትታለት ነበር። አልጋ ሥር ናቸው። እስካሁን የገለጣቸው አይጥ ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የተኛው።

«እርስዎን አይደለም፣ ማሽኑን ነው ያልኩት» አለችው ልጅቷ በሕልሙ። ጋሽ ውብሸት እየፈራ አውራ ጣቱን አስቀመጠ። ማሽኑ መጀመሪያ እንደ ሕፃን ከንፈሩን ጣለ። ከዚያ ሆዱ ተርገበገበ። ቀጥሎ ተንሰቅስቆ አለቀሰ፣ እንባው ዱብ ዱብ እያለ ጠረጴዛውን አራሰው። ያን ጊዜ ለጋሽ ውብሸት ተገለጠለት። ልጅቷ «ያነባል» ያለችው አላልታ ነው። «ባ»ን ሲያጠብቋት ንባብ ነች፤ ሲያላሏት እንባ።

«አስለቀሱት! ማሽን አስለቀሱ!» ብላ ጮኸች ልጅቷ።

ጋሽ ውብሸት ዞር ቢል ከኋላው የተሰለፈው ሁሉ ሰው አይደለም። ሚዛን አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና አለ፣ መነጽር ያደረገ ቆጣሪ አለ። ሁሉም ጣታቸውን ወደ እሱ ቀስረው፣ ሌባ ሲያዝ እንደሚባለው፣ «ሰው! ሰው! ያዙት!» አሉ።

የያዘው ፈረስ ነው። ፈረሱ ጋሽ ውብሸትን ጋሪው ላይ ጫነው፣ ባርኔጣውን አስተካክሎ ራሱም ወጣና ጅራፉን አነሳ። ከፊት ልጓም ጎርሶ የሚጎትተው የሰፈራችን ባለጋሪ ሻፊ ነበር።

«ሻፊ! አንተ ነህ? ምን ሆነህ ነው?»

«ዝም በል ጋሼ» አለ ሻፊ በልጓሙ መሀል። «መንገድ ላይ ካወራሁ ገለባዬን ይቀንስብኛል።»

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«እኔ አልወስድህም፣ እጎትታለሁ እንጂ። የሚወስድህ እሱ ነው።»

በከተማው መሀል አለፉ። ስልኮች ሰዎችን በኪሳቸው ይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ስልክ ሰውየውን ከኪሱ አወጣና ፊቱን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ «ይሄ ደግሞ ሁልጊዜ ቶሎ ያልቃል» አለና በጆሮው ግድግዳ ላይ ሰካው። ገበያው ውስጥ ሽንኩርቶች ሰው ይመርጣሉ። አንዷ ቀይ ሽንኩርት አንዲት ሴትዮ ጉንጭ ላይ ጫን ብላ አየችና «ይቺስ ከውስጥ ተበላሽታለች፣ ከላይ ነው የደረደራችኋት» ብላ ተቆጣች። ሻጩ ድንች ማለ፣ ተገዘተ።

አደባባዩ ላይ አምፖሎች ስብሰባ ተቀምጠዋል። አንድ ትልቅ አምፖል ድምፅ ማጉያ ይዞ ያስረዳል።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች! ሰውን ሁልጊዜ አብርቶ ማቆየት አቅማችን አይፈቅድም። ስለዚህ ሰው በፈረቃ ይሆናል። አንዱ ሰፈር ሲበራ ሌላው ይጠፋል።»

አንዲት ትንሽ የደጅ አምፖል እጇን አወጣች። «ሲጠፉ ያማቸዋል ወይ?»

«አልጠየቅናቸውም» አለ ትልቁ። ጭብጨባ ሆነ።

ጋሽ ውብሸት ከጋሪው ላይ ሆኖ አንገቱን አሰገገ። «ጌታው፣ የእኔ ሰፈር ፈረቃ መቼ ነው?» አለ።

ትልቁ አምፖል ዞር ብሎ አየውና ብርሃኑን ቀነስ አደረገ፣ ሰው ሲያዝን ዓይኑን እንደሚሰብረው። «ያንተማ ፈረቃ አይደለም ወንድሜ» አለው። «ያንተ መዝጋት ነው።»

ጋሪው ችሎት ደጃፍ አራገፈው። ችሎቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከላይ የተቀመጠው ዳኛ ኮፒ ማሽን ነው። ስቴፕለር ዐቃቤ ሕግ፣ ማኅተም ጠበቃ ሆነው ቆመዋል። ዳኛው ሽፋኑን ከፈት አድርጎ ጠየቀ።

«ማነህ?»

«ውብሸት ነኝ፣ ለሳኙ። የረድኤት አባት።»

«ዋናው ነህ ወይስ ቅጂው?»

«ምን ማለት ነው ጌታዬ? ዋናው ነኛ!»

ችሎቱ በሳቅ ተንጫጫ። «ዋናውን አንቀበልም» አለ ዳኛው። «ኮፒ አምጣ።»

ፈረሱና ሻፊ አንገቱን ይዘው ፊቱን ከመስታወቱ ላይ ደፉት። አረንጓዴ ብርሃን ከግንባሩ እስከ አገጩ አለፈ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ተሰማው። ከዳኛው ጎን ደግሞ፣ ገና ትኩስ፣ ሌላ ውብሸት ወጣ። ልብሱ ተተኩሷል። ጥርሱ ሙሉ ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ ሲያሳይ መስመሮቹ እንደ ታረሰ ማሳ ጥርት ብለው ይታያሉ። ያ ሁሉ ዕቃ ከመቀመጫው ተነስቶ አጨበጨበለት። ሻፊ እንኳ፣ ልጓሙን እንደ ጎረሰ፣ «ይሄ ይሻላል» አለ።

ያኔ ስልክ ጮኸ። ጋሽ ውብሸት ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ነው። የሚጮኸው ቅጂው ኪስ ውስጥ ነው።

«አባዬ?» አለ የረድኤት ድምፅ። ችሎቱ በሙሉ ይሰማዋል።

«አቤት ልጄ» አለ ቅጂው። ድምፁ የጋሽ ውብሸት ድምፅ ነው፣ ሳሉ ብቻ የለበትም።

ጋሽ ውብሸት «ረድኤት! እሱ አይደለም! እኔ ነኝ!» ሊል አፉን ከፈተ። ከአፉ የወጣው ግን የማያውቃት ሴት ድምፅ ነበር። «የደወሉላቸውን ሰው አሁን ማግኘት አይችሉም» አለ አፉ። በሁለት እጁ ቢይዘውም ዝም አላለም። «እባክዎ ቆየት ብለው ይሞክሩ።»

«አባዬ፣ ሳልህ ተሻለህ እንዴ?»

«ድኛለሁ። ሁሉም ነገር ድኗል።»

«መጽሐፎቼንስ?»

«አንድ ሳይቀር አንብቤያቸዋለሁ።»

በስልኩ ውስጥ ረድኤት ከደስታዋ ብዛት ስትስቅ ተሰማ። ጋሽ ውብሸትን ከፈረሱም ከፈረቃውም በላይ ያስፈራው ይሄ ነው። ልጁ ሌላ አባት ይዛ ደስ ብሏታል።

መሬት ላይ ተንበረከከ። ዳኛው አየውና ትንሽ የራራ መሰለ። «እሺ፣ ሕጉ ያውጣህ» አለ። ከሆዱ አንድ ወረቀት ተፍቶ አነበበው። «እውነተኛ ሰው ያነባል። ሌላ አንቀጽ የለውም።»

ቅጂው ፈገግ ብሎ ከብብቱ የረድኤትን መጽሐፍ አወጣ። አይጥ የበላቸውን ገጾች ሳይቀር ያለምንም መደነቃቀፍ አንበለበለው። ዕቃዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሽ ውብሸት ደግሞ፣ እናቱን ሲቀብር ሰው ፊት ያላነባው ሰውዬ፣ በዚያ ሁሉ ሚዛንና ቆጣሪ ፊት ዘረገፈው። እንባው በጉንጩ ወርዶ ልሙጥ አውራ ጣቱ ላይ አረፈ። ድምፁም ተመለሰለት።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ። «እኔም አነባለሁ!»

ችሎቱ ድብልቅልቁ ወጣ።

«ጠብቆ ነው!» አለ ስቴፕለሩ ጥርሱን እያፋጨ። «ሕጉ ንባብ ነው የሚለው!»

«ላልቶ ነው!» አለ ማኅተሙ፣ ጠረጴዛውን በራሱ እየደበደበ። «ማልቀስ ነው!»

«የት ላይ ተጻፈ ላላ የሚል?»

«ጠበቅ የሚልስ የት ላይ አለ? ፊደሉ አንድ ነው!»

«ሕጉን የጻፈው ሰው ይጠየቅ!»

«ይሄ ቅጂ ነው» አለ ዳኛው ወረቀቱን ገልብጦ እያየ። «ዋናው ጠፍቷል።»

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። «አባዬ? እዚያ አለህ? ማነው የሚያለቅሰው?» ትላለች ረድኤት። ቅጂውም ጋሽ ውብሸትም እኩል «አለሁ!» አሉ። ዳኛው ወረቀት ተሰነቀረበት፣ አጓራ፣ ጨሰ፣ ከዚያ ፀጥ አለ። መብራቱ ከቀይ ወደ አረንጓዴ ተቀየረ።

«ችሎቱ ወስኗል» አለ። «ቃሉ የሚነበበው…»

ነቃ።

ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች። ትራሱ ርሷል። ሚስቱ እትዬ አልጋነሽ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ በእጇ ስልኩን ይዛ ታየዋለች።

«አልጋነሽ! ጠብቆ ነው ላልቶ?»

«አሁን ደግሞ ምኑ?»

ጋሽ ውብሸት ቀና ብሎ ፊቱን ጠረገ። «ስልኩን ለምን ያዝሽው?»

«ረድኤት ደውላ ነበር። አሁን ገና ዘጋች።»

«ታዲያ አትቀሰቅሺኝም!»

«ቀስቅሼህ ነበር። "ዝም በይ፣ ችሎት ላይ ነኝ" ብለህ ተቆጣኸኝ።»

«ቁጥሩ ሊዘጋ ነው፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አላልሻትም? የሌላ ሰው ቁጥር ያዢ አላልሻትም?»

«የት አስጨርሳኝ! መስመሩ ይቆራረጣል። ገና ሳነሳው "አባዬ ምን ያደርጋል?" አለችኝ። አንተ እዚህ አጠገቤ ጥቅልል ብለህ እንባህን ታፈሰዋለህ። ልጄን ምን ብዬ ልዋሻት? "ተኝቶ ያነባል" አልኳት።»

«ወይኔ! ምን አለች? ደነገጠች?»

«ኧረ ደስታዋን አልቻለችውም! "እሰይ የእኔ አባት! በመጨረሻ ጀመረ? ተዪው እማዬ፣ አትረብሺው፤ ወር ሲገባ እደውልና ያነበበውን ይነግረኛል" ብላ ዘጋችው።»

ጋሽ ውብሸት አውራ ጣቱን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። «አልጋነሽ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አጥብቀሽ ነው ያልሻት ወይስ አላልተሽ?»

«እኔማ አላልቼ ነው» አለች እትዬ አልጋነሽ፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ እየሰካች። «መስመሩ ነው ያጠበቀው።»