የእትዬ ትንሽ ሜትር

ከመሃላችሁ የምግብ አሠራር ጠይቆ ሙሉው የተነገረው ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አይኖርም። ጎበዝ አብሳይ የተባለ ሁሉ ሲያስተምር አንዲት ነገር ዋጥ አድርጎ ያስቀራል፤ ስታበላሹት ደግሞ ቅንድቡን ሰቅሎ «አልነገርኩህም እንዴ?» ይላል። በየመሥሪያ ቤቱና በየሕንፃው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አንድ ተመድቦልናል። ለእኛ ሕንፃ የተመደቡልን ክብርት እትዬ ትንሽ ናቸው።

እትዬ ትንሽ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሱቃቸው ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሰው ሁሉ አስጠብቡልኝ ብሎ ጥሎት የጠፋ የሱሪ ክምር አለበት። ሜትራቸው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን፤ ፊት ለፊት ግን «እትዬ» ብቻ ነው የምንላቸው። ቁመታቸውን አይታችሁ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸውስ በር ሲያልፉ ጎንበስ የሚሉ ሴት ናቸው። ስሙ የመጣው ከኩሽና ነው። ጨው ስንት ይሁን? «ትንሽ።» ዘይትስ? «ትንሽ።» እሳት ላይ ምን ያህል ይቆይ? «ትንሽ ነዋ!»

እኚሁ ሴትዮ ታዲያ ጨርቅ ሊቆርጡ ሲሉ ሦስት ጊዜ ለክተው፣ አራተኛውን ለጥርጣሬ ብለው ይጨምራሉ። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከተዛነፈች ምሳ አይበሉም። ምግብ ጋ ሲደርሱ ያ ሁሉ ልክ የት እንደሚገባ እንጃ።

እኔ ደግሞ ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ «ግማሽ ፍሬ፣ በቀን ሁለቴ፣ ከምግብ በኋላ» ስል ነው የምውለው። «ትንሽ ይዋጡ» ብዬ ሰው ብሸኝ በማግሥቱ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። እኛን ሁለታችንን ያገናኘን ማን መሰላችሁ? ቶፉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ታመው ተኝተው ሲነሱ ሐኪሙ ሥጋ ከለከላቸውና «በምትኩ ቶፉ ይብሉ» አለ። ቶፉ ያው ከአኩሪ አተር ወተት ረግቶ የሚሠራ ነጭ ነገር ነው፤ የራሱ የሚባል ጣዕም የለውም፣ የጨመሩበትን ይዞ ቁጭ ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ቀቅዬ አቀረብኩላቸው። በሹካ ነካ አደረጉት፣ ወደ እኔ ቀና አሉና «ልጄ፣ ይሄን የት ላይ ነው የምቀባው?» አሉኝ።

ሳቅሁ። በሦስተኛው ሳምንት መሳቁን ተውኩት። እህል አስጠላቸው። ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ ያደርጋሉ። ሱሪያቸው ወገባቸው ላይ አልቆም ስላለ አንድ እጃቸው ሁልጊዜ ቀበቷቸው ላይ ነው። ያንን ሁሉ ተሳፋሪ ይዘው ዳገት የወጡ ሰው፣ ከወንበር ሲነሱ ጠረጴዛ መደገፍ ጀመሩ። አንጀቴን በሉት። ሐኪሙም «ከዚህ በላይ ከከሱ ሆስፒታል አልጋ ይዘው ይተኛሉ» አለኝ። ፈራሁ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ በጣም ፈራሁ።

ሱሪውን ላስጠብብ ወደ እትዬ ትንሽ ወረድኩ። ሰው ሲጨንቀው ያወራል፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ሰሙኝ።

«ይሄ ነው ያስጨነቀህ? ቀላል እኮ ነው! ውሃውን ታወጣለህ፤ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ትንሽ ሶያ ሶስ፣ ያንን ጥቁር ጨዋማ ስጎ፣ ጣል ታደርግበታለህ፤ ትጠብሰዋለህ። አለቀ።»

«ውሃው እንዴት ነው የሚወጣው?»

«በጨርቅ ጠቅልለህ ካውያ ትጭንበታለህ።»

ፋርማሲስት የታዘዘውን ነው የሚፈጽመው። ወጣሁ፤ ቶፉውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለልኩ፤ ካውያውን ሶኬት ላይ ሰካሁና እስኪግል ጠበቅሁ። ስጭነው ጭስስስ አለ፤ እንፋሎቱ ኩሽናውን ሞላው፤ ጨርቁና ቶፉው አንድ ሆኑ። አባቴ ከሳሎን ሆነው «ምንድነው የምትተኩሰው?» አሉኝ።

«ምሳ» አልኳቸው።

ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍ አደረጉት።

እትዬ ትንሽ ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ሳይሞቅ ነው እንጂ፣ አንተ ልጅ! የፈለግነው ክብደቱን ነው! አልነገርኩህም እንዴ?»

አልነገሩኝም። ምስክር አለኝ።

ግራ መጋባቱ የጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሰኞ ዕለት «በደንብ ተጭነህ ውሃውን ጨርሰው፤ በበቆሎ ስታርች ለውሰህ ኮሽ እስኪል ጥበሰው» አሉኝ። አባቴ አራት ቁራጭ በሉ። አራት! ደስታዬ ወሰን አጣ። ሐሙስ ያንኑ ልደግም ቶፉ ገዝቼ ስገባ ከደረጃው ሥር ጠሩኝ።

«ዛሬ እንዳትጫነው! ለስላሳውን ገዝተህ እንዳለ ዝንጅብል መረቅ ውስጥ ክተተው።»

«እትዬ፣ ሰኞ ተጫነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ሰኞማ ሰኞ ነው።»

ሄጄ ለስላሳውን ገዛሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ያንን ጣል አድርግ ሲሉኝ የከረሙትን ሶያ ሶስ «አንዲት ጠብታ እንዳታስጠጋ!» አሉኝና ሎሚ ጭመቅበት፣ ሰሊጥ ቆላ አድርገህ በትንበት ሆነ። ሎሚና ሰሊጡን ስለምድ «ማር የለህም እንዴ? ትንሽ ማር ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀብተህ ምድጃ ውስጥ ክተተው» መጣ። አንዴ በረዶ ቤት ከትተህ ካደረቅኸው በኋላ ስታቀልጠው ቅመሙን ጥሩ አድርጎ ይመጥጣል አሉ። ከትቼ ስጠብቅ «እሱን ተወውና ፈርፍረህ በሽንኩርትና በእርድ አቁላላው» አሉ።

ጥያቄያቸው ደግሞ ከመልሳቸው ይብሳል። ከሥራ ስመለስ ሳያስቆሙኝ አያሳልፉኝም።

«ስንት ቁራጭ በሉ?»

«አምስት።»

«በየትኛው ጎናቸው አኘኩ?»

ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? አላየሁም አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። እኔ ሥራ ስሄድ ደግሞ ጠዋት ጠዋት «ሱሪ ልለካ» እያሉ እላይ ይወጣሉ፤ ከአባቴ ጋር ስለ አውቶቡስ ሲጫወቱ ቆይተው ይወርዳሉ። አንድ ሱሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ምኑ ይለካል ብዬ እገረም ነበር።

እኔም በሙያዬ መጣሁባቸው። ሠንጠረዥ ሠራሁ፤ ቀኑን፣ ቅመሙን፣ መጫን አለመጫኑን፣ የተበላውን ቁራጭ ጻፍኩና ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ሕጉን ፈለግሁ። ሰኞና ሐሙስ አይደለም። አየሩም አይደለም። ጨረቃዋን ሁሉ አየሁ፣ ምን ዋጋ አለው። «ሴትዮዋ እየቀለዱብኝ ነው» ብዬ ደመደምኩ።

አንድ ቅዳሜ አባቴ ማር የተቀባውን ቶፉ አይተው «ዛሬስ ይቅርብኝ» ሲሉ ትዕግሥቴ አለቀ። ሠንጠረዡን ገንጥዬ በደረጃው እየዘለልኩ ወረድኩ።

«እትዬ! በፈጠረዎት አንዱን ይምረጡልኝ! ውሃው ይጨመቅ ወይስ አይጨመቅ? ሶያ ሶስ ይግባ ወይስ አይግባ? የኔ አባት እኮ ናቸው እዚያ ላይ የሚከሱት!»

እትዬ ትንሽ የአባቴን ሱሪ ገልብጠው ጭናቸው ላይ ዘርግተውት ነበር። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና ወረቀቱን አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች።

«ሐሙስ፣ ለስላሳ» አሉ። «አዎ፣ የዚያን ቀን ግራ መንጋጋቸው አብጦ ነበር። ኮሽ የሚል ነገር በምናቸው ያኝኩት? ሶያ ሶሱን ያስተውኩህ እግራቸው አብጦ ካልሲው ምልክት ሲያወጣባቸው አይቼ ነው፤ እሱ ጨው ብቻ ነው። ማሩ ደግሞ ያንተ ክኒን አፋቸውን ስላመረረው ነው። ዛሬ ግን ምሬቱ ለቋቸዋል፤ ጣፋጭ አይፈልጉም።»

ስለ ጨው ለመንደሩ ሁሉ ምክር የምሰጠው እኔ ነኝ። ክኒኑንም በእጄ ቆጥሬ የምሰጣቸው እኔው ነኝ።

«አባቴ ለእኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ክኒን ይጨምርብኛል ብለው ፈርተው ነዋ።»

«እርስዎስ?»

ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «አልነገርኩህም እንዴ?»

«አልነገሩኝም! እኔ ሱሪ የሚለኩ ነበር የመሰለኝ!»

«ሰውየውን ነው እንጂ የምለካው» አሉና ሱሪውን ወደ ብርሃን አዞሩት። ከወገቡ በውስጥ በኩል ሦስት የስፌት መስመር አለ፣ አንዱ ከሌላው ጠበብ ጠበብ እያለ የመጣ። ለእያንዳንዷ መስመር ሱሪውን ይዤ ስመጣ የተሰማኝን አስታወስኩ። አራተኛ ሊጨምሩ ነው ብዬ ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

እሳቸው ምላጭ አነሱ። ሦስተኛዋን መስመር ጫፏን በጠስ አድርገው ሳቧት፤ ክሩ ጭርር እያለ ተተረተረ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ጠቧቸዋል።»

ቃሉ ቶሎ አልገባኝም። ሁለት ጊዜ አስደገምኳቸው። ከዚያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው በጥፍራቸው ቦታዋን ይዘው አሳዩኝ፣ «ወገባቸው ሁለት ሴንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ሰፍቷል» አሉ፣ «በአሥራ አንድ ቀን»። ስለ ቶፉ ባወራን ጊዜ ሁሉ ከአፋቸው ቁጥር ሲወጣ የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ስል በሜትሩ ጫፍ ትከሻዬን መታ አድርገው «ሂድ፣ ምሳው ይቀዘቅዛል» አሉኝ።

ወጣሁ። ማር የተቀባውን አነሳሁና ሌላ ቶፉ አወጣሁ። ከመቁረጤ በፊት ግን እጄን ታጥቤ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ፤ ፊታቸውን፣ መንጋጋቸውን፣ ካልሲያቸውን አየሁ። እንዲህ ካየኋቸው ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ያኔ ገባኝ።

«አባባ፣ ዛሬ በየትኛው ጎን ነው የሚያኝኩት?»

በጥርጣሬ አዩኝ። ክኒን የያዝኩ እንደሆነ ብለው እጄን አዩ። ባዶ ነው።

«ለቶፉ ከሆነ በቀኝ» አሉ። «ሥጋ ካመጣህ ግን በሁለቱም።»