በልጄ ምርጫ ቀን ያጠረው ቁመቴ

ጎበዝ፣ ዛሬ በሰው ፊት አጥሬያለሁ። ለነገር ማሳመሪያ አይደለም፣ በሴንቲሜትር ነው የማወራችሁ።

ቁጭ በሉ። ቁጭ ያላችሁም ተመቻቹ።

ይህን ገጽ የምትከተሉ ሁሉ ታውቁኛላችሁ። ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ እናንተ ባጃጅ የምትሏትን ራክሻ ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ጉልበቱን አገጩ ሥር ወትፎ የሚነዳው ረጅም ሰውዬ እኔ ነኝ። ፕሮፋይሌ ላይ ምን ይላል? «አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት» ይላል። ከስሜ ቀጥሎ የጻፍኩት እሱን ነው።

ሱሪዬ ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቴ በላይ እንደሚቀርም ታውቃላችሁ። ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር «ወንዝ ልትሻገር ነው?» እያላችሁ ኮሜንት ትጽፋላችሁ። እኔም ሁሌ ጥፋቱን በልብስ ሰፊው አሳብባለሁ። ልብስ ሰፊውን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ልጄ ስለ ማህደር ስጽፍ ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ትጫወታለች ብል እንኳ አይገልጸውም፣ ልጅቷ ኳስ አቅፋ ነው የምትተኛው። ዛሬ ከካርቱም አሠልጣኞች መጥተው ለታዳጊ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ከምሥራቁ በኩል ልጆች የሚመርጡበት ቀን ነበር። (በእናቷ በኩል ወረቀቷ የሱዳን ነው። ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጨቀጭቁኝ።)

እኔስ ትናንት ምን ብዬ ፖስት አደረግኩ? «አባቷን ያየ አሠልጣኝ ልጅቷን ሳያያት ይመርጣታል።»

ላይክ እንደ ጉድ ጎረፈ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት ለእኔ ነው።

ጠዋት ነጭ ጀላቢያዬን፣ እስከ እግር የሚወርደውን የሱዳን ቀሚስ፣ አስተኩሼ ለበስኩ። ማህደርንና እናቴን ከኋላ ጭኜ ወደ ሜዳው ገሰገስኩ። እናቴን እናኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ሰባ አልፏታል፣ ምርኩዝ ትይዛለች፣ ማህደር በሱዳንኛው «ሐቦባ» ትላታለች፣ አያቴ ለማለት። የልጄ አንድም ጨዋታ አምልጧት አያውቅም። ስለ ቅርጫት ኳስ ግን እስከ ዛሬ ያላት ጥያቄ አንድ ነው፦ «መረቡ ቂጡ ተቀዶ እያዩ ለምን አይሰፉትም?»

አሁን ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ላላያችሁ ልንገራችሁ። እኔ ብዙ ያገባች ትመረጣለች ብዬ ነበር የማስበው። ተሳስቻለሁ። መጀመሪያ ከመስመር መስመር፣ ደርሶ መልስ፣ ልጆቹ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ያስሮጧቸዋል። ከዚያ ጣታቸውን ጠመኔ አስነክተው ያስዘልሏቸውና ግድግዳው ላይ የቀረውን ምልክት ይለካሉ። ክንዳቸውን ግራና ቀኝ አዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካሉ። የጫማ ቁጥር ይጠይቃሉ። የእጅ መዳፍ እንኳ ገልብጠው ያያሉ። ኳስ የምትመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ማህደር ስትዘል ብታዩዋት! እኔም ከመቀመጫዬ አብሬ እየዘለልኩ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰውዬ እግሩን ሁለት ጊዜ ረገጥኩት።

ሰውዬው ተስፋይ ይባላል። ከኸሽም ኤል ቂርባ ልጁን ሪምን ይዞ ነው የመጣው፣ እዚያ የመስኖ ቦይ በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ነው። እንደኔው ጀላቢያ የለበሰ፣ ዝምተኛ ሰው። እግሩን ስረግጠው እንኳ «ማዕሌሽ» ብሎ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። የተረገጠ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ቀትር ሲሆን የተመረጡት ልጆች ስም ተጠራ። የሚፈለጉት አሥራ ሁለት ናቸው፣ የተጠሩት አሥራ አንድ።

አንድ ቦታ ቀረች። ሜዳው ላይ ደግሞ ሁለት ልጆች ቀሩ፣ የኔዋ ማህደርና የተስፋይ ሪም።

ዋናዋ አሠልጣኝ ካፕቴን ሳሚያ ትባላለች። እዚህ አሠልጣኝን ካፕቴን ነው የሚሉት። ፊሽካዋን ባንገቷ፣ ደብተሯን በብብቷ፣ ፈገግታዋን ካርቱም ትታ የመጣች ሴት ናት። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን አቆመቻቸው። በሩጫው እኩል፣ በዝላዩ እኩል። ቁመታቸውም እንኳ አይበላለጥም። ልጆቹ ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፣ ከጠዋት ጀምሮ ጓደኛ ሆነዋል።

«እኔ የምመርጠው ዛሬ ያላትን ቁመት አይደለም» አለች። «ከሦስት ዓመት በኋላ የሚኖራትን ነው። ወላጆቻቸው የታሉ?»

ልቤ በደስታ ዘለለች። እኔ እኮ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነው የኖርኩት!

ግድግዳው ላይ ሜትር ተሥሏል፤ ከላይ ወደ ታች የምትንሸራተት ትንሽ ጣውላ አለች፣ ራስ ላይ ስታርፍ ቁጥሩ ይነበባል። መጀመሪያ ተስፋይ ቆመ። ጣውላዋ ወረደች።

«አንድ ሜትር ከሰባ ዘጠኝ።»

ፈገግ አልኩ። አዎ፣ ፈገግ ብያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ። ለማህደር በዓይኔ ጠቀስኳት። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ጣውላዋ ወረደች፣ ራሴን ነካች።

«አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት» አለች ካፕቴን ሳሚያ።

ምን?

«ልክ አይደለም፣ ድገሚው» አልኳት። ደገመችው። ሰባ ሰባት።

ሰዎች፣ እየተለካሁ አነስኩ!

ሦስተኛ ጊዜ ለመንኳት። ሰባ ዘጠኝ ተኩል። ካፕቴን ሳሚያ ጣውላዋን ለቀቀችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ያ ዞል» አለችኝ፣ አንተ ሰውዬ ማለቷ ነው፣ «ይሄ ቁመት ነው ወይስ የሰሊጥ ዋጋ?»

የሰሊጥ ገበያ በሚውልበት ከተማ ይህ ቀልድ ምን ያህል እንደሚያስቅ ገምቱ። ወላጆቹ ሁሉ ሳቁ። የኳስ አቀባዮቹ ሳቁ። ውጭ ራክሻቸው ላይ ተቀምጠው በአጥር የሚያዩት ባልንጀሮቼም ሳቁ።

ማህደር አልሳቀችም።

«ባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ፌስቡክ ላይ ሰማንያ ስምንት አልነበርክ?»

ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከትምህርት ቤት መልስ፣ በዚያ በገዳሪፍ ፀሐይ ስትሮጥና ስትወድቅ የሠራችውን እኔ ዝም ብዬ ቆሜ አፈረስኩባት። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እየማልኩ «ረጅም ነኝ እኮ» እላለሁ። ረጅም ሰው እንዲህ ብሎ ይምላል?

ካፕቴን ሳሚያ ግን ደብተሯን ገልጣ እስክሪብቶዋን አወጣች። የሪምን ስም ልትጽፍ ነው።

ይህን ጊዜ እናቴ ተነሳች።

እስከዚያ ድረስ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሐብሐብ ፍሬ ስትፈለፍል ነበር። ምርኩዟን ይዛ ሜዳውን መሐል ለመሐል አቋርጣ መጣች። ካፕቴን ሳሚያ ፊሽካ ነፋች። እናቴ ፊሽካ አትፈራም። አጠገቤ ስትደርስ በምርኩዟ ጫፍ የጀላቢያዬን ጠርዝ ወደ ላይ ገለጥ አደረገችው።

ጉልበቴ ታጥፏል።

እመኑኝ፣ አላወቅኩም። ቀጥ ብዬ የቆምኩ ነበር የመሰለኝ።

«አትሳቁበት» አለች እናቴ። «ይሄ የኔ ሥራ ነው።»

እንግዲህ ስሙ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጎንደር በኩል በእግር ድንበር ተሻግረን ነው የመጣነው። አባቴ መንገድ ላይ ቀረ። እኔና እናቴ እዚህ ገዳሪፍ አካባቢ ካምፕ ገባን። ካምፑ ውስጥ ለትንንሽ ልጆች በየጠዋቱ ወተትና ብስኩት የሚሰጥበት ዳስ ነበር። የልደት ወረቀት ያለው ማን አለ? ስለዚህ ትንሽ ልጅና ትልቅ ልጅ የሚለየው በእንጨት ነው። እንጨቱ ላይ ቀይ መስመር አለ፤ ከላይ ወርዶ ራስህ ላይ የሚያርፍ ጣውላም አለው። ራስህ ከመስመሩ በታች ከሆነ ትገባለህ። ከመስመሩ ካለፍክ ትልቅ ነህ፣ ወደ ድንኳንህ።

እኔ ደግሞ ረጅም ነበርኩ። በዚያ ዓመት ረጅም መሆን ምን ይረባል?

እናቴ ድንኳናችን ውስጥ አለማመደችኝ። እጇን ራሴ ላይ ታሳርፋለች፣ እኔ ጉልበቴን አጥፋለሁ። ወገብ ቀጥ፣ አንገት ቀጥ፣ ጉልበት ብቻ፣ በቀስታ። ከተለገሰው ልብስ መሐል ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የሚወርድ የትልቅ ሰው ሸሚዝ ፈልጋ አለበሰችኝ፣ ጉልበቴ እንዳይታይ። «ጣውላው ራስህን ሲነካህ ነው የምትታጠፈው» ትለኛለች። «ሳይነካህ እንዳትታጠፍ፣ ያዩሃል።»

በየሳምንቱ ለኩኝ። አንድም ቀን አልተያዝኩም። ወተቱን እዚያው ያስጠጡናል፤ ብስኩቱን ግን በሸሚዜ ደብቄ ይዤላት እመጣለሁ። እኩል እንካፈላለን። ይኸው ሁለታችንም አለን።

ይህን ሁሉ እናቴ በተሰባበረ አረብኛዋ ለካፕቴን ሳሚያ ነገረቻት። ማህደር ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም፣ እኔም ነግሬያት አላውቅም።

እናቴ ምርኩዟን ለማህደር ሰጠችና ጎንበስ አለች። ሁለት እጇን ጉልበቶቼ ላይ አድርጋ ወደ ኋላ ገፋቻቸው።

«ቀና በል ልጄ» አለችኝ። «ወተቱ አልቋል።»

ጣውላዋ ወረደች። ራሴን ስትነካኝ ጉልበቴ ልማዱ መጣበት። የእናቴ እጅ ግን አላሳለፈውም።

አንድ ሜትር ከሰማንያ ሰባት።

(አዎ፣ ሰባት። ስምንት አይደለም። ፕሮፋይሌን ስክሪንሾት ያነሳችሁ አጥፉልኝ።)

ማህደር አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍራል፣ ከዚያ በላይ ምን ልዋረድ? ካፕቴን ሳሚያ የማህደርን ስም ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ ከኋላችን አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

ተስፋይ ነው። ለጥያቄዬ ከመመለስና «ማዕሌሽ» ከማለት በቀር ቀኑን ሙሉ ቃል ያልወጣው ተስፋይ።

«እኔንም እንደገና ብትለኪኝ» አለ።

ሁላችንም ዞረን አየነው። ጆሮው ቀልቷል።

«የኛ ካምፕ እንጨት መስመሩ ሰማያዊ ነበር» አለ።

እናቴ ክንዱን ያዘችው። ወደ ግድግዳው እየመራች ወሰደችው፣ ጀላቢያውን ገለጥ አድርጋ ጉልበቱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። እንደኔው ጎንበስ ብላ ሁለት እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። «ቀና በል፣ አንተም ልጄ ነህ» አለችው። ጣውላዋ ወረደች።

አንድ ሜትር ከሰማንያ ስምንት።

የኔን ቁጥር ወሰደብኝ እኮ!

አሁን ደግሞ ሪም በአንድ ሴንቲ ልትበልጥ ነው። ማህደር የሪምን እጅ አጥብቃ እንደያዘች ካፕቴኗን ታያለች። ካፕቴን ሳሚያ ሁለታችንን አየችን፣ እናቴን አየች፣ ደብተሯን አየች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ለካ ፈገግታዋን ይዛው መጥታለች።

«እዚህ ምሥራቅ ስንት ሰው ነው ታጥፎ የሚኖረው?» አለች። «አሥራ ሦስተኛ ልጅ ይዤ ስሄድ ካርቱም ይቆጡኛል። ይቆጡኝ። ኸላስ፣ በቃ፣ ሁለቱም ይምጡ፤ ማን እንደምትቀር ልምምዱ ይለያል።»

ሁለቱንም ስም ጻፈች። በዓይኔ አየሁት፣ አንዱ ከአንዱ በታች።

ስንመለስ ተስፋይና ሪም ምሳ እንዲበሉ ወደ ቤታችን ወሰድናቸው። አንዲት ራክሻ ውስጥ አምስት ሰው። ሴቶቹ ከኋላ፣ ተስፋይ እኔ ጎን በግማሽ ቂጡ፣ የሁለታችንም ጉልበት አገጫችን ሥር። እናቴ ከኋላ ሆና «እዚህ ውስጥ መታጠፍ ይፈቀዳል» አለችን። ልጆቹ እስከ ቤት ድረስ ሲስቁ ሄዱ።

መንገድ ላይ ልብስ ሰፊው ቤት አቆምኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሜትሩን ባስጠጋብኝ ቁጥር ጉልበቴ ምን ሲሠራ እንደኖረ ገብቶኛል። ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሰውዬው መርፌውን ከአፉ አወጣ።

«እኔ እኮ» አለኝ፣ «ሲቆም የሚያጥር፣ ሲሄድ የሚረዝም ደንበኛ አለኝ ብዬ ለሚስቴ ስነግራት አታምነኝም ነበር።»

ነገ አዲስ ሱሪ ሊለካኝ ነው። እናቴ ጉልበቴን ለመያዝ አብራኝ ትሄዳለች።

እና ከዛሬ የተማርኩት ይህ ነው፦ ስለ ቁመታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት እናታችሁን ጠይቁ። ፕሮፋይሌን አስተካክያለሁ፣ ሰማንያ ሰባት ነው፣ እሱም እናቴ አጠገቤ ካለች ነው።

አሁን ተራው የናንተ ነው። በዚያ ዓመት በቀዩም በሰማያዊውም መስመር ሥር ያለፋችሁ፣ ስልኩን አስቀምጡና ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። የቤት ሰው እጁን ራሳችሁ ላይ ያሳርፍ። ጉልበታችሁ ምን አደረገ?