ባ ጂላሊን ከውሃ ለማገድ በአሸዋው ጉብታ ላይ የተደረገው ስብሰባ

የሲዲ መርዙቅ የካያክ ቀዘፋ፣ የወፍ ማየትና የዓሣ ማጥመድ አስጎብኚዎች ማኅበር፤ የአስተዳደር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23፤ ከዒድ በኋላ በአራተኛው ሳምንት።

ቦታ፦ የዋድ ሰምራ ወንዝ ከባሕር ጋር በሚገናኝበት አፍ፣ መሐል ላይ ያለው የአሸዋ ጉብታ። የሰሜን ዳር ሰው ለስብሰባ የደቡብ ዳርን ቤት አይረግጥም፤ የደቡብ ዳር ሰውም እንደዚሁ። ስለዚህ የውሃ ክርክር ከአያቶቻችን ጀምሮ የሚዳኘው የማንም ባልሆነው አሸዋ ላይ ነው።

ሰዓት፦ ከረፋዱ 5፡00፣ በአዲሱ ሰዓት፤ ማለትም ረመዳን ሲያበቃ መንግሥት አንድ ሰዓት ወደፊት በገፋው።

የተገኙ፦
1. ሲ ማዓቲ፣ ሰብሳቢ፣ የቀድሞ የፖስታ ቤት ሹም፤ ከቤታቸው ወንበር ይዘው የመጡ
2. ላላ ሮቂያ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ የሰሜን ዳር የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት
3. ዙሄር፣ የወፍ ጉዳይ ኃላፊ
4. ታይቢ፣ ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር

በጥሪ የተገኙ፦ ባ ጂላሊ፣ መንደሩ ሁሉ «ባ»፣ አባ፣ የሚላቸው አስጎብኚ፣ የ67 ዓመት አዛውንት፤ ጉዳዩ የሳቸው ሲሆን ድምፅ የላቸውም።

ያልተገኙ፦ ሦስት አባላት። ሁለቱ ሠርግ ላይ ናቸው፤ ሦስተኛው «እኔ ጭቃ ላይ ቆሞ ከሚጨቃጨቅ ሰው ጋር ውሃ መሐል አልቆምም» ብለዋል።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ከሰባት አራት በመገኘታቸው ተሟልቷል። አንድ ሰው ቢነሳ ይፈርሳል።

መክፈቻ፦ ሰብሳቢው በማኅበሩ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈውን፣ ባሕሩ የሚጎድልበትንና የሚሞላበትን ሰዓት የሚያሳየውን የውሃ ሰሌዳ ጠቅሰው፣ ውሃው እስከ 6፡00 ድረስ እንደሚጎድልና አሸዋው እስከ 7፡30 የእኛ እንደሆነ አስረዱ። በዚህም መሠረት አባላት ቀላል የካያክ ጀልባዎቻቸውን አሸዋው ላይ ጎትተው ሳያስሩ ትተዋቸዋል። ባ ጂላሊ ብቻ የራሳቸውን በችካል አስረዋል። ዙሄር «ባ፣ ካያክ እንደ አህያ ይጠፋል እንዴ?» ብሎ ስቋል። ጸሐፊውም ስቋል።

አጀንዳ 1፦ በባ ጂላሊ ላይ የቀረቡ አቤቱታዎች

ሰብሳቢው አቤቱታዎቹን በንባብ አሰሙ። አንደኛ፣ ፍላሚንጎ የተባለውን ወፍ ለማየት የመጡ ሁለት እንግዶችን ባ ጂላሊ ዓሣ ሲያስጸዱ አውለዋቸዋል። ሁለተኛ፣ «ያ ወፍ ምን ይባላል?» ተብለው ሲጠየቁ «ጎረቤቴ ነው» ብለዋል። ሦስተኛ፣ አንዲት እንግዳን «አትልፊ ልጄ፣ ውሃው ራሱ ይወስድሻል» ብለዋት፣ እንግዳዋ እስከ ድልድዩ ድረስ ተኝታ ሄዳለች። ሴትየዋ የላከችው ደብዳቤ የምስጋና ቢሆንም፣ ሰብሳቢው ለቀዘፋ መጥቶ መተኛት ከማኅበሩ ዓላማ ጋር ስለማይሄድ ከአቤቱታ እንዲቆጠር አድርገዋል።

ባ ጂላሊ መልስ እንዲሰጡ ሲጠየቁ፣ ወፉን ጎረቤቴ ያሉት ሃምሳ ዓመት አብረው ስለኖሩ እንደሆነ፣ ዓሣውን ግን እንግዶቹ ራሳቸው እንዳጠመዱት ገለጹ። ቀጥለውም ወደ ጭቃው እየተመለከቱ ወፎቹ መነሳት ጀምረዋልና እንሂድ አሉ። ሰብሳቢው ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ነው በማለት አልተቀበሉትም።

ዙሄር በርቀት ማያ መነጽሩ ተመልክቶ፣ መቶ አርባ ያህል ወፎች ከጭቃው መነሳታቸውን አረጋገጠ፤ ትርዒቱም እጅግ ውብ ስለሆነ ይመዝገብልኝ አለ። ተመዝግቧል። ለምን እንደተነሱ የጠየቀ አልነበረም።

አጀንዳ 2፦ ሰሌዳ ማንበብ የማይችል አስጎብኚን ስለማገድ

ሰብሳቢው ዘመናዊ ማኅበር በወፍ ሳይሆን በወረቀት እንደሚመራ ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ባ ጂላሊ ፊደል ስለማይለዩ ሰሌዳውን ማንበብ አይችሉም፤ ስለዚህ እንግዳ በእሳቸው እጅ ማስቀመጥ አደጋ ነው አሉ።

በዚህ ጊዜ የሚከተለው ምልልስ የተደረገ ሲሆን፣ ሁለቱም ወገኖች ቃል በቃል ይጻፍልን ስላሉ ተጽፏል።

ባ ጂላሊ፦ «አንተ ማዓቲ፣ መዋኘት ላስተምርህ ስል በመጀመሪያው ቀን አልቅሰህ የሮጥክ ልጅ፣ ዛሬ ስለ ውሃ ልትነግረኝ ነው?»

ሰብሳቢ፦ «ክቡር ሰብሳቢ ይበሉኝ!»

ባ ጂላሊ፦ «እሺ፣ ክቡር ሰብሳቢ። አልቅሰህ ነው የሮጥከው።»

ላላ ሮቂያ በመሐል ገብተው፣ አዛውንቱ ቢታገዱ ለማረፊያቸው ቡሪ ዓሣ ማን ያመጣል ሲሉ ጠየቁ። ዙሄርም ወፍ በማየት ላይ እያሉ የተያዘ ዓሣ እንደታየ ወፍ ይቆጠር የሚል የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበ። ረዘም ያለ ውይይት ተደርጎበት፣ ዓሣ ክንፍ የለውም በሚል ወድቋል።

ባ ጂላሊ የመጨረሻ ቃላቸውን ሲሰጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። «ሃምሳ ዓመት ቀን ቀን ቤት ውዬ አላውቅም። ቤት ብታውሉኝ ምን እሠራለሁ? ግድግዳ እያየሁ ልሙት? ደግሞ ሚስቴም አልለመደችኝም፣ በሳምንቱ ታባርረኛለች» አሉ። ቀጥለውም፣ ሰሌዳችሁን አላውቅም፣ ግን ውሃው ዞሯል፣ ጭቃውን እየሸፈነ ነው፣ ተነሱ አሉ። ይህ ለሁለተኛ ጊዜ ከአጀንዳ ውጭ ተብሏል።

ድምፅ ተሰጥቶ በሦስት ድጋፍና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ (ላላ ሮቂያ) የሚከተለው ተወሰነ፦ «ባ ጂላሊ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ውሃ ላይ አንድም ሰው በካያክ እንዳይጭኑ፤ ወዳጅም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን።» የመጨረሻዎቹን ቃላት ያስጨመሩት፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው በሚል፣ ሰብሳቢው ናቸው። ጸሐፊውም እጁን ካወጡት ሦስቱ አንዱ ነበር፤ ይህን ሲጽፍ ያፍራል።

ባ ጂላሊ ውሳኔውን ሰምተው፣ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ተነሱ ብለው፣ ወደ ካያካቸው ሄዱ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

በ6፡35 ላይ የሰብሳቢው ወንበር እግሮች ውሃ ውስጥ መሆናቸው ተስተዋለ። ሰብሳቢው ውሃው ተሳስቷል አሉ። በ6፡40 የአባላቱ አራት ካያኮች ተከታትለው ወደ ድልድዩ ሲሄዱ ታዩ። ዙሄር ቆጥሮ አራት መሆናቸውን አረጋግጧል።

ሰሌዳው ላይ ክርክር ተነሳ። ሰብሳቢው፣ ሰሌዳው 5፡00 ይላል፤ ሰሌዳ የሚታተመው በአሮጌው ሰዓት ስለሆነ ለአዲሱ አንድ ሰዓት ጨምሬ 6፡00 አልኩ አሉ። ጸሐፊው፣ ኅትመቱ የሚለው 4፡00 እንደሆነና በር ላይ ሲለጥፈው አንድ ሰዓት ጨምሮ 5፡00 ብሎ የጻፈው ራሱ እንደሆነ፣ ይህንንም ለማንም አለመናገሩን ገለጸ። ስለዚህ ውሃው መመለስ የጀመረው ገና ስብሰባው ሲከፈት ነው። «የሂሳብ መምህር ነህ እኮ!» ተባለ። ላላ ሮቂያም በበኩላቸው፣ የሰብሳቢውን 6፡00 ማረፊያቸው ላይ ሲለጥፉ ሰዓት መጨመር እንዳይረሳ ብለው 7፡00 ማድረጋቸውን ተናዘዙ።

ውሃው ጉልበት ሲደርስ፣ ጥቂት ክንድ ርቀው ካያካቸው ውስጥ መንጠቆ ጥለው ለተቀመጡት ባ ጂላሊ በሰብሳቢው ጥሪ ተደረገ።

«ባ ጂላሊ፣ ይምጡ እንጂ!»

«የት ልምጣ? አንድም ሰው አትጫን ተባልኩ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።»

«እንደ ወዳጅ ይጫኑን!»

«ወዳጅም ቢሆን ብለሃል።»

«የሚስቴ አጎት አይደሉም እንዴ?!»

«ዘመድም ቢሆን ብለሃል። ታይቢ፣ እስቲ አንብብለት።»

ጸሐፊው ውሳኔውን በድጋሚ በንባብ አሰማ። የአዛውንቱ አባባል ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።

ዙሄር ዋኝቼ ልውጣ ቢልም፣ እሱ ከሄደ ምልዓተ ጉባኤው ስለሚፈርስና ውሳኔውን የሚሽር አካል ስለማይኖር፣ ሰብሳቢው ሸሚዙን ይዘው አስቀርተውታል። ባ ጂላሊ በዚህ መሐል አንድ ቡሪ አውጥተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ኮሚቴው ቆሞ፣ ውሃው የሰብሳቢውን ቀበቶ ባለፈበት ሁኔታ፣ ከፍ ሲል በአጀንዳ 1 እና 2 የተባለውንና የተወሰነውን ሁሉ እንዳልተባለና እንዳልተወሰነ አድርጎ በሙሉ ድምፅ ሽሯል። ጸሐፊው መዝገቡን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ ስለነበር ሁለት ድምፅ ተቆጥሮለት፣ አምስት ለዜሮ ተብሎ ነበር፤ በኋላ ተስተካክሏል። እንዲሁም ሰሌዳው ከበሩ እንዲነሳና እንግዳ ከመውጣቱ በፊት ባ ጂላሊ እንዲጠየቁ ተወስኗል።

ባ ጂላሊ አባላቱን አንድ በአንድ አሻግረዋል። መጀመሪያ ላላ ሮቂያን፣ ከዚያ ዙሄርን፣ ከዚያ ጸሐፊውን፣ በመጨረሻ ሰብሳቢውን ከነወንበራቸው። ሰብሳቢው በጉዞው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ባ ጂላሊም «አይዞህ ልጄ፣ አትልፋ፣ ውሃው ራሱ ይወስድሃል» ሲሏቸው ከዳር ተሰምቷል።

ቃለ ጉባኤው ለባ ጂላሊ ተነብቦላቸው፣ ያወጣሁት ቡሪ ሁለት ነው እንጂ አንድ አይደለም ከሚል እርማት ጋር በጣት አሻራቸው ፈርመዋል።

ስብሰባው በአሮጌው ሰዓት 6፡00፣ በአዲሱ 7፡00፣ በላላ ሮቂያ 8፡00 ላይ ተዘግቷል። ባ ጂላሊ ግን መዘጋት የነበረበት ወፎቹ ሲነሱ ነው ብለው ስለተከራከሩ፣ ወፎቹ ሲነሱ ተዘጋ ተብሎ ተመዝግቧል።