የሊቀ መርፌ የዓሣ ገንዳ

ሊቀ መርፌ በየቀኑ ጠዋት የሱቃቸውን መዝጊያ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ያነሡታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንገታቸውን ያወጡና መንገዱን ግራና ቀኝ ይቃኛሉ። ቀጠሮው የደረሰ ደንበኛ ብቅ ካለ መዝጊያው ተመልሶ ይወርዳል። ካልታየ እስከ ላይ ይነሣል፣ ሜትሩ አንገት ላይ ይውላል፣ ሥራ ይጀመራል።

ልብስ ሰፊ በቀጠሮው ቀን ልብስ አድርሶ አያውቅም። ይህ በአንድ ሰው ላይ የቀረበ ክስ አይደለም፤ ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች እንደማለት ነው። "የእኔው ያደርሳል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወይ ልብስ አሰፍቶ አያውቅም፣ ወይ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈሩ ሊቀ መርፌ ብሎ የሾማቸው የእኛው ሰው ከሌሎቹ የሚለዩት በአንድ ነገር ነው። ሌሎቹ ሲያዘገዩ ያፍራሉ፤ እሳቸው ይቆጣሉ። "ጥሩ ልብስ እንደ ሰው ነው! ተቸኩሎ ይወለዳል?" ይላሉ፣ መቀሱን ወደ ደንበኛው እየቀሰሩ።

የዘወትር ንግግራቸው "የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው" የምትል ናት። ጨርቁ ገና ከፌስታሉ ሳይወጣም የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሱሪውን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሱሪው ወገቡ በላስቲክ የሚያዝ መሆኑን ረስተው "የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው" ብለውታል። አንዲት ነርስ ደግሞ ለእርግዝናዋ ያዘዘችውን ቀሚስ ከሱቁ ተቀብሎ ያመጣላት በእግሩ የሚሄድ ልጇ ነው ይባላል። እኔ ይህን በዐይኔ አላየሁም። ልጁን ግን አውቀዋለሁ፤ ቀልጣፋ ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ወደ እሳቸው የሄድኩት ሌላ መሄጃ ስላልነበረኝ ነው። የሟች ታላቅ ወንድሜ ልጅ ልታገባ ነበር። በአባቷ ቦታ ሆኜ ወደ አዳራሹ ይዣት የምገባው እኔ ነኝ። "አጎቴ፣ የአባዬን ኮት ለብሰህልኝ ትገባለህ?" አለችኝ። እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ችግሩ፣ ወንድሜ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ሰው ነበር፤ እኔ በር ስገባ ማንም ልብ የማይለኝ ሰው ነኝ። ኮቱን ስለብሰው ጣቶቼ እጅጌው ውስጥ ጠፉ። ስዞር ትከሻው ዘግይቶ ይከተለኛል። ልጅቷ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች። ያለው አንድ ኮት ነው፤ ቢበላሽ የሚተካ የለም። ከዓመታት በፊት ለወንድሜ የሰፉት ደግሞ ሊቀ መርፌ ናቸው።

ወሰድኩላቸው። ተቀበሉኝ፣ አገላበጡት፣ አንገትጌውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉ። "እህ" አሉና ከኋላ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። የገዛሁትንም አዲስ ገበር ተቀበሉ። "ሐሙስ ና።"

ሐሙስ ስደርስ አንድ ጉንጫቸው አብጦ አገኘኋቸው። ጥርስ አስነቅለው መመለሳቸው ነው። ዐይናቸው ግን ያበራል።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር አየሁ" አሉ በደህናው ጉንጫቸው። "የጥርስ ሐኪሙ ጋ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ሁሉንም ያመዋል። የሚጮህ ግን አንድ የለም። ለምን?"

"ስለሚያማቸው?"

"ዓሣ! ግድግዳው ሥር የመስታወት ገንዳ አለ። ዓሣው ወዲህ ሲል ሁሉም ወዲህ፣ ዓሣው ወዲያ ሲል ሁሉም ወዲያ። እኔ ራሴ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም። አሁን አስበው፣ እዚህ የደንበኛ ወንበር ፊት ለፊት..."

"ጋሼ፣ በቀጠሮው ቀን ቢያደርሱ እኮ ማንም አይጮህም።"

እንደ ሕፃን አዩኝ። "እሱ ሌላ ነገር ነው።"

ባለቤታቸው በሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ እንዳቀረቀሩ "ካማረህ ግዛዋ" አሉ።

"ለምን እገዛለሁ? ሣጥን አይደል? አራት ጎንና አንድ መቀመጫ ነው። ክንድና አንገት ላለው ፍጥረት ስሰፋ የኖርኩ ሰው አራት ማዕዘን ያቅተኛል?"

"ኮቴስ?"

"የቀረው ቁልፍ ብቻ ነው።"

ጠረጴዛው ላይ የገንዳው ንድፍ በጨርቅ ጠመኔ ተሥሎ ነበር። ፊት፣ ጀርባ፣ ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ ልክ እንደ ሸሚዝ ተበታትኖ። የተሣለበትን ጨርቅ ጎንበስ ብዬ አየሁት። እኔ የገዛሁት ገበር ነው።

"ይለቃል" አሉ ፊቴን አይተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ የማውቀው አብሬ ስለነበርኩ ነው። ኮቴ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ ስለዚህ እሳቸው በሄዱበት እኔም እሄዳለሁ። መጀመሪያ የሄድነው መስታወት ቆራጩ ጋ ነው። ልኩን ተቀብሎ አየ፣ እንደገና አየ።

"ጋሼ፣ ልኩ ትክክል ነው? ጎኖቹ ከመቀመጫው ይተርፋሉ እኮ።"

"ለስፌት ነዋ!"

"ለምኑ?"

"በየዳሩ ሁለት ጣት ለስፌት ካልተተወ በምን ይጋጠማል?"

ቆራጩ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"ጋሼ፣ መስታወት እኮ አይታጠፍም።"

"አንተ ብቻ ቁረጥ፣ ልጄ። ማጠፉን ለእኔ ተወው።"

መስታወቱ አልታጠፈም። ጎኖቹ በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት ጣት ወጥተው ቀሩና ገንዳው ጆሮ አበቀለ። ሊቀ መርፌ አልደነገጡም። "ለመያዣ ይሆናል" አሉ። በየመጋጠሚያው ሲሊኮን ቀቡ፣ እስኪደርቅ ጠበቁና "ይለካ" ብለው ውሃ ሞሉት። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ደንበኞች ሁሉ ተነሥተው ከበቡ። እውነትም ማንም ስለ ልብሱ አልጠየቀም። ውሃው ጥቂት አሰበና በአንዱ ማዕዘን ወጥቶ፣ ላስቲክ ሱሪውን ዛሬም ሊጠይቅ የመጣውን የፖስታ ቤት ጸሐፊ ጫማ ሞላው።

"ዓሣው ሳይመጣ ውሃው ሄደ" አሉ ባለቤታቸው።

"ጉድለት የሚታየው ሲለካ ነው" አሉ ሊቀ መርፌ፣ በታላቅ ክብር፣ ወለሉን በአሮጌ ሸሚዝ እየወለወሉ።

ፈትተው እንደገና ገጣጠሙት። በዚህኛው ዙር ከውስጥም ከውጭም ሲሊኮን አደረጉበት፤ "ድርብ ስፌት" ይሉታል። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ያቺ የሲሊኮን መስመር እንደ ተተኮሰ ሱሪ ቀጥ ያለች ነበረች። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም።

ማጣሪያውንም ራሳቸው ሠሩት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠው ዘቀዘቁት። ከታች ጠጠር፣ መሀል ላይ ኮት ትከሻ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ፣ ከላይ ጃኬት የሚሞላበትን ነጭ ጥጥ አደረጉበት። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቱቦ እያወጣ ከላይ ያፈስበታል፤ ውሃው በስፖንጁ አልፎ ተጣርቶ ወደ ገንዳው ይመለሳል። ልስቅ ተዘጋጅቼ ነበር። ሠራ። ውሃው ገንዳው ወለል ላይ የበተኑት ጠጠር እስኪቆጠር ጠራ።

ግን ሊቀ መርፌ ሱቃቸው ውስጥ ያደፈ ነገር አያሳድሩም። በየቀኑ ሱቁን ከመዝጋታቸው በፊት ስፖንጁን አውጥተው በሳሙና ያጥቡታል። አንድ ቀን ካውያ ሊያሳርፉበት ሲሉ ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ። ውሃው ቀስ በቀስ ሩዝ የታጠበበት መሰለ። ይህን ውሃ በጠርሙስ ቀድተን ዓሣ ሻጯ ዘንድ ሄድን።

"ማጣሪያውን ምን አደረጉት?" አለች ሻጯ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ።

"በየቀኑ አጥበዋለሁ። በሳሙና!"

"ውይ! ጨረሷቸው።"

"ማንን? ዓሣ ገና አልገዛሁም!"

"ስፖንጁ ላይ የሚኖሩትን። ዐይን አያያቸውም፤ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉት ግን እነሱ ናቸው። ሲያድፍ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ ብቻ ነው። አሁን እስኪበዙ መጠበቅ ነው፤ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል ያድርጉላቸው። ዛሬ ዓሣ አልሸጥልዎትም። የሚቀጥለው ሳምንት ይምጡ።"

"ሳምንት? ከነገ ወዲያ ብመጣስ?"

"ሳምንት፣ አባባ።"

"እኔ እኮ ሥራ ያለኝ ሰው ነኝ!"

"ለውሃው ይንገሩት።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሄድን። ጠርሙሱን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ "ትንሽ ነው የቀረው፤ ሌላ ሳምንት" አለች። ስንመለስ ሊቀ መርፌ አየሩን በእጃቸው እየመቱ ሄዱ። "ይታይህ እስቲ! ሰው እንዲህ ይመላለሳል? ዛሬ ና፣ ነገ ና! ቁርጡን የማይናገሩት ለምንድን ነው?" ለረጅም ጊዜ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ደስታዬ እስከ ዓርብ ቆየ። ሰርጉ እሑድ ነው። ዓርብ ጠዋት ሱቁ ገባሁና ማንንም ሳልጠይቅ ኮቱን ከሚስማሩ አወረድኩት። አንዲት ክር አልተፈታችም።

"ጋሼ! ከነገ ወዲያ ሰርግ ነው! እጅዎን እንኳ አላሳረፉበትም!"

"የቀረው..." ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

የባለቤታቸው የስፌት መኪና ቆመ። "አንተ ሰውዬ፣ ንገረው። አለዚያ እኔ ልነግረው ነው።"

ሊቀ መርፌ ሄደው የደንበኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እዚያ ተቀምጠው አይቼ አላውቅም።

"ብዙ ኮት ሰፍቻለሁ" አሉ። "የሁሉንም ጉድለት እኔ አውቀዋለሁ። የአንዱ አንገትጌ፣ የሌላው እጅጌ። ለባሹ አያየውም፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ስመለከተው አያለሁ። ይሄኛው የለበትም። አንድ እሱ ብቻ ነው የሌለበት። ወንድምህ ለብሶት እዚህ መስታወት ፊት ቆመና 'ጋሼ፣ ይሄ ኮት እኔን ይመስላል' አለኝ።" ሜትሩን ከአንገታቸው አወረዱ። "በየቀኑ መቀሱን አነሣለሁ። ብቆርጠው ሰውዬው የሚያልቅ ይመስለኛል። ከዚያ ገንዳው ትዝ ይለኛል፤ ወደ እሱ እሄዳለሁ።"

ስመጣ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበረበት። የማስገባበት ቦታ አጣሁ። ኮቱን ለበስኩትና እጄን ዘረጋሁ፤ የታየው እጅጌ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ እሑድ ልጅቷ እጄን መያዝ አለባት። ከዚህ ውስጥ ምኑን ትይዛለች?"

መጀመሪያ የሳቁት ባለቤታቸው ናቸው። ሊቀ መርፌም አፍንጫቸውን በመሐረብ አብሰው ተነሡ፣ መርፌዎቹን ከንፈራቸው ላይ ደረደሩ፣ ዞሩኝ። ትከሻዬን ያዝ፣ ወገቤን ያዝ፣ እጅጌውን አጠፍ።

"አልቆርጠውም" አሉ በመርፌዎቹ መሀል። "ወደ ውስጥ ነው የማስገባው። ትርፉ በሙሉ እዚያው ገበሩ ሥር ይቀመጣል። ልጅቷ ወንድ ከወለደች፣ ቁመቱም ወደ አያቱ ከሄደ፣ ፈትቶ መመለስ ነው።"

"እና እስከዛሬ ይህ እንዴት አልታየዎትም?"

"ዝም ብለህ ቁም! ልወጋህ ነው።"

ወጉኝም።

ቅዳሜ ከምሳ በፊት ኮቱ ተተኩሶ ተሰቅሎ ነበር። በቀኑ የደረሰ ልብስ ለማየት መስታወት ቆራጩ ሥራውን ትቶ መጣ፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ሁለት ጊዜ ነካው። ስለብሰው ከበድ አለኝ፤ የወንድሜ ቁመትና ስፋት በሙሉ ውስጡ ነው። እሑድ አዳራሹ በር ላይ የወንድሜ ልጅ ክንዴን ያዘች፣ በጣቷ የእጅጌውን ስፌት ተከትላ እስከ ክርኔ ሄደች። ገባን።

ማክሰኞ ዓሣ ሻጯ ውሃውን አይታ ፈቀደች። ሊቀ መርፌ መንገድ እያስለቀቁ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ አምስቱን ዓሣዎች በፕላስቲክ ከረጢት የያዝኩት እኔ ነበርኩ።