ዓሣው አልቋል

የየትኛውም ከተማ ምግብ ቤት ሁለት ባለቤት አለው። አንደኛው ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ እሳት የሚያነደው ነው። ሁለተኛው በምሳ ሰዓት መጥቶ ከአንድ ወንበር ላይ ይሰየምና ሌላው ሰው ሁሉ በእሱ ፈቃድ የገባ የሚመስለው ደንበኛ ነው። ቤቱ ቢዘጋ የመጀመሪያው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ሁለተኛው ግን መግቢያ ያጣል።

በጣና ዳሩ የሹም አቦ ሰፈር ይህን ሁለተኛ ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ክንዱ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው የመጡ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት፣ ቤታቸው ጭስ የማያውቅ ወንደላጤ። ቤተ መንግሥታቸው የሸዋዬ ዓሣ ቤት፣ ዙፋናቸውም የማዕዘኗ ጠረጴዛ ነበረች። ከዚያች ጠረጴዛ ጣናም ይታያል፣ በሩም ይታያል። አቶ ክንዱ ጣናን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም፤ ዓይናቸው በር በሩን ነው።

ሸዋዬ ቆሮሶ የሚሉትን የጣና ዓሣ ራስ ለእሳቸው ከድና ታቆያለች። "ጋሽ ክንዱ፣ የርስዎን አስቀምጨልዎታለሁ" ትላለች። ይህችን ቃል ለመስማት አቶ ክንዱ በጠራራ ፀሐይ በእግራቸው ይመጣሉ። ችግሩ ሸዋዬ ደግ አንደበቷን ለማንም የማትነፍግ ሴት መሆኗ ነው። ለገባው ሁሉ "ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ልጨምርልህ?" ትላለች። ይህን ጊዜ አቶ ክንዱ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ ይመልሳሉ። ከጎርጎራ በጀልባ ዓሣ የሚያመጣላትን ሰው "ልጆችህ እንዴት ናቸው?" ያለችው ዕለት ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ሌላ ቀን ደግሞ ዘግይተው ቢመጡ የቆሮሶው ራስ ለአንድ የአዲስ አበባ መሐንዲስ ተሰጥቶ አገኙት። መሐንዲሱ አጥንቱን እየመጠጠ "ግሩም ነው!" ይላል። አቶ ክንዱ ሚስቱን የተቀማ ሰው መስለው ዋሉ።

ከዚያ ወዲህ ዘዴ ፈጠሩ። በልተው ሲያበቁ ስንጥር በጥርሳቸው ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ። መጪውን በሐዘኔታ እያዩ፣ "አይ ወንድሜ፣ ዓሣው አልቋል" ይላሉ። ጾም ሲሆን ደግሞ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ፣ "ድስቱ ፍስክ ነክቶታል አሉ። እኔስ ሆዴን ስለሚያመኝ አልጾምም" ይሉታል። ይህችኛዋ ውሸት ከሁሉም የከፋች ናት። ሸዋዬ የጾም ድስቷን ለብቻው ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍና፣ ቅቤ የነካ እጅ እንዳይደርስበት እንደ ዓይኗ ብሌን የምትጠብቅ ሴት ናትና።

ሰው እያነሰ መጣ። የአቶ ክንዱ ደስታ ወደር አጣ። ባዶዎቹን ወንበሮች እያዩ "ምግብ ቤትስ እንዲህ ጸጥ ሲል ነው!" ይላሉ። ሸዋዬ ግን አንድ ቀን ከፊታቸው መጥታ ተቀመጠች።

"ጋሽ ክንዱ፣ በሞቴ አይደብቁኝ። ዓሣዬ ከፋ እንዴ?"

"ኧረ ምን በወጣው! ሰው ነው እንጂ ጣዕም የማያውቀው።"

"እንግዲያስ ገበያዬ ሞተ። ቤቱን ለቀበሌ ልመልስ ነው።"

አቶ ክንዱ ዞረው ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

በዚያ ዘመን ትርፍ ቤት ሁሉ የቀበሌ ነበር። የተመለሰ ቤት ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በእሑድ ስብሰባ ነው፤ ወሬው ግን ከስብሰባው ይቀድማል። ዳቦ ቤት ይሆናል ተባለ። ጸጉር ቤት ይሆናል ተባለ። ወለላ የምትባል የዓባይ ማዶ ሴት ዶሮ ወጥ ልትሸጥበት ነው ተባለ። አቶ ክንዱ በሁሉም ቀኑ። በዳቦው ቀኑ፣ በመቀሱም ቀኑ። "በኔ ጠረጴዛ ላይ የሰው ጸጉር ሊረግፍ?" እያሉ እንቅልፍ አጡ። ወለላንማ አይተዋት ሳያውቁ ጠመዷት።

እሑድ ደረሰ። በስብሰባ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁት አቶ ክንዱ ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን አወጡ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ቤቱ ዓሣ ቤት ሆኖ ይቆይ! ሰፊው ሕዝብ ዓሣ ይፈልጋል!"

"ሰፊው ሕዝብ ከፈለገ ቤቱ ለምን ባዶ ሆነ?" አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አዘዘ።

ደሞዝ የሚባል የፋብሪካ ሠራተኛ ከኋላ ተነሣ። "እኔ በሄድሁ ቁጥር ዓሣው አልቋል እየተባልሁ ነው የተመለስሁት።"

"እኔማ በሁዳዴ ድስቱ ፍስክ ነክቶታል ተብዬ ነው" አለች አንዲት ሴት።

"ማነው እንዲህ ያለው?" አለ ሊቀመንበሩ።

የአዳራሹ አንገት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ዞረ። ሸዋዬ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። አልጮኸችም።

"ጋሽ ክንዱ፣ የጾም ድስቴን?" አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጓድ አዘዘ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ጠየቃቸው። ጥፋተኛ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጥፋቱን በራሱ አፍ መናገር አለበት፤ አብዛኛው ሰው ግን ከጋዜጣ ያገኛቸውን ከባድ ቃላት ደርድሮ ይቀመጣል። አቶ ክንዱ ከባድ ቃል ጠፋባቸውና እውነቱ ወጣ።

"ቀናሁ" አሉ። "በዓሣው አይደለም። ቤቴ ስገባ 'አስቀምጨልሃለሁ' የሚለኝ ሰው የለም። እዚያ አለ። እሷ ሌላውን 'ወንድሜ፣ ልጨምርልህ' ስትለው አንጀቴ ያራል። ስለዚህ ሰዉን መለስሁ፤ ድስቱንም አማሁ። እግዜር ይየኝ፣ ድስቱ ንጹሕ ነው!"

ጓድ አዘዘ እግዜር ሲባል እንዳልሰማ ሆነ። "ጓድ ክንዱ፣ ቅናት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው" አለ ሣቁን እየዋጠ። ቅጣቱን ግን የጠየቀችው ሸዋዬ ናት። "ቤቱን አልመልስም። እሳቸው ግን ያባረሩትን ሰው ራሳቸው ይጥሩልኝ!" አለች። በጭብጨባ ጸደቀ።

ክቡርነታቸውም ከበሩ ላይ ቆመው "ግቡ! ዓሣ አለ! የጾሙ ድስት ለብቻው ነው!" ማለት ጀመሩ። የሚገባው ሰው ሁሉ በሆዳቸው ላይ እየረገጠ ያልፍ ይመስላቸዋል። ቤቱ ሞላ። አንድ ቀን ጥሪያቸውን ጨርሰው ቢገቡ የማዕዘኗን ጠረጴዛ ደሞዝ ከነጓደኞቹ ይዟታል። ሌላም ወንበር የለም። ወደ በሩ ሊመለሱ ሲሉ ሸዋዬ ከማድ ቤት ብቅ ብላ በእጇ ጠራቻቸው።

ደንበኛ ገብቶበት በማያውቀው ማድ ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ የለስላሳ ሳጥን ተደፍቶ ጨርቅ ተነጥፎበታል። ከፊቱ የተከደነ ሳህን አለ። ከግድግዳው ላይ የጾም ድስቱ ተሰቅሏል፤ አቶ ክንዱ ቀና ብለው ሊያዩት አልደፈሩም። ሳህኑን ቢከፍቱት የቆሮሶ ራስ ነው።

ገና ሊቆርሱ ሲሉ ደሞዝ አንገቱን በማድ ቤቱ በር አሰገገ።

"እትዬ ሸዋዬ፣ ውጭው ሞልቷል። እዚህ ለአንድ ጓደኛዬ ቦታ አይጠፋም?"

አቶ ክንዱ እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ስብሰባው ትዝ ሲላቸው መልሰው ዘጉት። ሸዋዬ ከድስቷ ዞር ብላ ደሞዝን አየችው።

"የለም ወንድሜ" አለችው። "እዚህስ አልቋል።"