የሰዓት ሠሪው ብርቱካናማ ኮከብ

በየሕንፃው አንድ ሁሉን አወቅ ሰው አይጠፋም፤ እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ጥያቄ የሚባል ነገር ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ያረጋገጠችው ከላይ ፎቅ ከሚኖሩት ጎረቤቷ፣ ከክቡርነታቸው ከጡረተኛው ሰዓት ሠሪ ነው። ቧንቧ ሠራተኛውን ስለ ቧንቧ፣ ሐኪሙን ስለ ጉበት ያስተምራሉ። ሱቃቸውን የዘጉ ዕለት እንኳ፣ «ሰው ሰዓት የሚያየው በስልኩ ሆኗል፤ ይኼ እኮ የታወቀ ነው!» ብለው ነበር።

የሕንፃው መከራ ግን ኮከባቸው ነው። ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ የታጠበ ልብስ ሊያወርድ ጣሪያ ላይ የወጣ ሁሉ ይያዛል።

«ከውሃ ታንከሩ በላይ፣ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ! ፀሐይን ሠላሳ እጥፍ ይበልጣታል። ብርቱካናማ የሆነው ከእሷ ስለሚቀዘቅዝ ነው። ብርሃኑ ከዚያ ከተነሣ አራት መቶ ዓመቱ! ይኼ እኮ የታወቀ ነው!»

የመንገዱ መብራት ቦግ ስለሚል ሰማዩ ላይ ምንም አይታይም። ሰው ግን አንሶላ ታቅፎ ከሚከራከር «አየሁት፣ ጋሼ» ይልና ይወርዳል። እምቢ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት።

«እኔ ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የማሾልክ ሴት፣ ያላየሁትን አየሁ አልልም! በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አጋልጣቸዋለሁ!» ብላ ምላለች።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታወርድ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። ክቡርነታቸው እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ቀስረዋል። ልታሾፍ ቀና ስትል ክው ብላ ቀረች። ከታንከሩ በላይ፣ ልክ ሁለት ጣት ላይ፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል ብርቱካናማ ነጥብ!

«ወይ ጉዴ! ጋሼ፣ አለ እኮ! እውነትም አለ!»

አሁን ፉከራውን አልችለውም ብላ ወደ ሰውየው ዞረች። ጣታቸው ኮከቡ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን ማረፊያ አጥቶ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«አሁንም ብርቱካናማ ነው?» አሏት ቀስ ብለው።

ጠየቁ! ልብስ ሰፊዋ ደንግጣ አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ሱቁን ያዘጋው ስልክ አለመሆኑ ያኔ ገባት። ኮከቡን ራሳቸው ካዩት ስንት ዓመታቸው ይሆን?

«ይኼ እኮ የታወቀ ነው፣ ጋሼ» አለች አንሶላውን እያነሣች። «ብርቱካናማ ነው።»

በስብሰባው ላይ ስለ ቆሻሻ መጣያው ብቻ ተናግራ ተቀመጠች። መብራቱም ተመለሰ፤ ኮከቡም ተሸፈነ። ያላየችውን አየሁ የማትለው ሴት ግን አሁን በየምሽቱ ጣሪያ ላይ ትወጣለች።

«አየሁት፣ ጋሼ። ዛሬማ ይበልጥ ቀልቷል።»

«አይሆንም! በአንድ ቀን ቀለሙ አይለወጥም! ይኼ እኮ የታወቀ ነው!» ብለው ይቆጧታል፤ ሲቆጧት ደስ ይላታል።